አረቄ ወባን ይፈውሳልን?

«አረቄ ደም ያጠራል፤ ብርድ ያባርራል፤ ከነጭ ሽንኩርት ጋር ሲጠጣ ወባን ይነቅላል።» ይህ አባባል በብዙ መንደር ይሰማል። የምንሰማውም ከምናከብራቸው አባቶችና እናቶች ነው። ስለዚህ እንዲያው «ውሸት ነው» ብሎ መጣል አይበቃም። እስቲ እውነቱን ከሐሰቱ እንለይ።

በወሬው ውስጥ አንድ እውነት አለ። አልኮል የበሽታ ተሐዋስያንን ይገድላል። የጤና ባለሙያ መርፌ ከመውጋቱ በፊት ቆዳችንን በአልኮል ይጠርግ የለም እንዴ? ያ አልኮል ከ100 እጅ 70 እጁ ንጹሕ አልኮል ነው። በየቤቱ የሚወጣው ተራ አረቄ ግን ከ100 እጅ 30 ወይም ከዚያ ጥቂት ቢበልጥ ነው። ዳግም አረቄም ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ 50 አይሞላም።

«ታዲያ ብዙ ብጠጣስ?» የሚል ይኖራል። የጠጣነው አረቄ ደም ውስጥ ሲገባ በጣም ይቀጥናል። ከ1,000 እጅ ደም 4 እጁ አልኮል ከሆነ ሰውየው ራሱ ሊሞት ይችላል። ቆዳ ላይ ተሐዋስያንን የሚገድለው ግን ከ1,000 እጅ 700 እጅ የሆነው ነው። እንግዲህ አስሉት። የወባው ተውሳክ ሳይነካ ሰውየው ቀድሞ ያልቃል።

ታዲያ «ጠጥቼ ዳንኩ» የሚሉ ሰዎች ይዋሻሉን? አይዋሹም። አንዱ ዓይነት ወባ አንድ ቀን እየዘለለ ይነሣል። ማክሰኞ ሲያንቀጠቅጠው የዋለ ሰው ማታ አረቄ ይጠጣል፤ ረቡዕ ደህና ሆኖ ይውላል። ምስጋናውን አረቄው ይወስዳል። ሐሙስ ሲያገረሽበት ግን «ምች መታኝ» ይላል እንጂ አረቄውን አይወቅስም።

የብርዱም ነገር እንዲሁ ነው። አረቄ ደምን ወደ ቆዳ ስለሚያወጣ ፊታችን ይሞቃል። ግን ያ ሙቀት ከውስጥ እየወጣ የሚባክን ነው። በደጋ አገር ሰክሮ ሜዳ ላይ ያደረ ሰው ብርድ የሚገድለው ለዚህ ነው።

እንዲህ ያለው ወሬ የእኛ አገር ብቻ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና በሽታ ሲስፋፋ፣ በኢራን «አልኮል መጠጣት ከበሽታው ያድናል» ተብሎ ተወራ። ለፋብሪካ ሥራ የሚውል መርዘኛ አልኮል የጠጡ በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች ሞቱ። ዓይናቸው የጠፋም ነበሩ።

በሌላ በኩል ደግሞ «አረቄ የቀመሰ ሁሉ ያብዳል» እያሉ የሚያስፈራሩ አሉ። ይህም ትክክል አይደለም። 80 ዓመት የኖሩ ጠጪ አያት ያለው ሰው ይህን ሲሰማ ይስቃል፤ ከዚያ በኋላ እውነተኛውንም ምክር አይሰማም። እውነቱ ይህ ነው፤ አዘውትሮ የሚጠጣ ሰው ጉበቱ ይጎዳል፤ ነፍሰ ጡር ከጠጣች ፅንሱ ይጎዳል፤ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ከጠጣ ጉበቱ ላይ ሁለት ሸክም ይጭናል።

ከሁሉ የከፋው ግን አረቄውን ለታመመ ልጅ መስጠት ነው። ወባ የያዘው ሕፃን ምግብ እምቢ ስለሚል፣ ተውሳኩም ስለሚሻማው፣ በደሙ ውስጥ ያለው ስኳር ያልቃል። ጉበት ስኳር እየሠራ ሊተካ ይሞክራል። አረቄ ሲገባ ጉበት ይህን ሥራውን ያቆማል። ልጁ ይዝለፈለፋል፤ ያንፈራግጠዋል። ያን ጊዜ «ጋኔን ያዘው» ይባላል። ጋኔን አይደለም፤ የስኳር ማነስ ነው።

ልጅ ሲያተኩሰው በዚያው ቀን ወደ ጤና ኬላ መውሰድ ያሻል። ከጣቱ አንድ ጠብታ ደም ተወስዶ ይመረመራል፤ ውጤቱ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ባለው ጊዜ ይታወቃል። በመንገድ ላይ መዋጥ ከቻለ ጡት ወይም ስኳር የተበጠበጠበት ንጹሕ ውሃ ይሰጠው። ራሱን ከሳተ ግን ትን ስለሚለው በአፉ ምንም አይጠጣ።