ለዓመታት የቆመ የጦር አውሮፕላን ዳግም ይበራል?

ጥያቄ፦ ከ50 ዓመት በፊት የተሠራ የጦር አውሮፕላን ሞተሩ ከታደሰ መብረር ይችላል?

መልስ፦ ሞተሩ ብቻውን አይበቃም። ከሁሉ በፊት አካሉ ተፈታትቶ ይመረመራል። አሉሚኒየም ከውጭ ደህና መስሎ፣ በቀለሙ ሥርና በተደራረቡት ቆርቆሮዎች መካከል በዝገት ሊበላ ይችላል። ክንፉን የሚሸከመው ዋና ምሰሶ ስንጥቅ እንዳለው ወይም እንደሌለው በኤክስሬይ ወይም በአልትራሳውንድ ይታያል። የጎማ ቱቦዎችና ማሸጊያዎች አውሮፕላኑ ሳይበርም ስለሚያረጁ ይለወጣሉ። የማይገኝ ዕቃ በፋብሪካው የቀድሞ ንድፍ መሠረት እንደገና ይሠራል። ከዚያም ሞተሩ መሬት ላይ ይፈተናል፤ የሙከራ በረራው የመጨረሻው ደረጃ ነው።

ይህ ሕልም አይደለም፤ የኛም የኢትዮጵያ አየር ኃይል ከስዊድን ገዝቶ የተጠቀመበት የሳብ 17 ዓይነት አንድ አውሮፕላን በ1997 እ.ኤ.አ. እዚያው ስዊድን ታድሶ በርሯል። ነገር ግን ጥድፊያ ነፍስ ያስከፍላል፤ ያልተመረመረ አውሮፕላን ሙዚየም ውስጥ ቢቆም ይሻላል።