የነጂን ስካር ፖሊስ የሚመረምርበት መንገድ

አትክልት ተራ በ2013 ዓ.ም. ወደ ላፍቶ፥ ኃይሌ ጋርመንት አካባቢ ከተዛወረ ወዲህ፥ ቲማቲምና ሽንኩርት የጫኑ መኪናዎች በሌሊት ወደ ሰፈሩ ይገባሉ። ፖሊስ የነጂዎችን ስካር የሚመረምረውም በዚያው ሰዓት ስለሆነ፥ ዕቃ የሚያስጭን ነጋዴ አሠራሩን ቢያውቅ ይጠቅመዋል።

የምርመራው መጀመሪያ ዓይን ነው። መኪናው መሥመሩን እየለቀቀ ሲወላገድ ወይም መብራት ሳያበራ ሲጓዝ ፖሊሱ ያስቆመዋል፤ ቀጥሎም የነጂውን አነጋገር፥ የዓይኑን መቅላትና የአፉን ሽታ ይመለከታል። በአሜሪካ አገር ከዚህ ሌላ ተረከዝን ከጣት እያገናኙ ዘጠኝ እርምጃ ማስኬድ፥ በአንድ እግርም ለ30 ሴኮንድ ማስቆም የተለመደ ነው። ነገር ግን እግሩን የታመመ ሰው ሳይጠጣም ሊንገዳገድ ስለሚችል፥ በዚህ ብቻ መፍረድ አይገባም።

የትንፋሽ መመርመሪያውን በ1954 እ.ኤ.አ. የሠራው ሮበርት ቦርከንስታይን የተባለ አሜሪካዊ ነው። የጠጣ ሰው ደም በሳንባ ሲያልፍ ከአልኮሉ ጥቂቱ ወደ ትንፋሽ ይተናል። በ2,100 ሚሊ ሊትር ትንፋሽ ያለው አልኮል በ1 ሚሊ ሊትር ደም ካለው ጋር እኩል ሆኖ ይታሰባል። ነጂው ሳያቋርጥ በረጅሙ እንዲነፋ የሚታዘዘውም ከሳንባ ጥልቅ የሚወጣው አየር ስለሚፈለግ ነው። አሁኑኑ የተጎነጨ ሰው ግን በአፉ የቀረው መጠጥ ቁጥሩን ከፍ ስለሚያደርገው፥ 15 ደቂቃ ያህል መቆየት ይኖርበታል። ቡናና ከረሜላ ቁጥሩን ያወርዳሉ የሚለው የሾፌሮች ወሬ ሐሰት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ወሰን በ100 ሚሊ ሊትር ደም 0.05 ግራም ነው።

መሣሪያው ጫትን አያውቅም። የቃመ ነጂ ቢነፋ ዜሮ ያሳያል፤ የጫት ምልክት የሚገኘው በምራቅ፥ በሽንት ወይም በደም ምርመራ ነው። ጫቱ እንቅልፍን ለጊዜው ቢያባርርም ምርቃናው ሲበርድ ድካሙ በአንድ ጊዜ ይመለሳል። ከሁሉ የከፋው ግን ጨብሲ ነው፤ ይኸውም ምርቃናውን ለመስበር የሚጠጣው መጠጥ ሲሆን፥ ነጂው የነቃ እየመሰለው ሰክሮ መሪ ይይዛል።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2081 የመኪናው ባለቤት፥ ያልተፈቀደለት ሰው ቢነዳው እንኳ፥ መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ እንደሆነ ይደነግጋል። የራሱ መኪና ያለው ነጋዴ ስለዚህ ጉዳዩ የሾፌሩ ብቻ ነው ሊል አይችልም። በኪራይ የሚያስጭነውም ቢሆን፥ ነጂው ሲያዝ የሚተካ ሁለተኛ ሾፌር አስቀድሞ ካልተዋዋለ ቲማቲሙ መኪናው ላይ ያድራል።