ካፒቴኑ ሲያርፍ ኃላፊው ማን ነው?

ከቤን ጉሪዮን አዲስ አበባ ለመድረስ አራት ሰዓት ያህል ይበቃል። ለእንዲህ ያለ በረራ ሁለት አብራሪዎች በቂ ናቸው፤ ካፒቴኑም ተነሥቶ መተኛት አያስፈልገውም። ከዋሽንግተን አዲስ አበባ ግን 13 ሰዓት ያህል ስለሚፈጅ ሦስት ወይም አራት አብራሪዎች ይሳፈሩና በየተራ ያርፋሉ። የሶሻል ወርክ ተማሪዎች ይህን ለምን ያጠናሉ ትሉ ይሆናል፤ ወደ ቤታችን ስንመለስ ይገባችኋል።

በመጀመሪያ ወንበርን፣ ሥራንና ኃላፊነትን እንለይ። ካፒቴኑ በግራ፣ ረዳት አብራሪው በቀኝ ይቀመጣሉ። ሥራው ግን በወንበር አይወሰንም፤ አንዱ ያበራል፣ ሌላው መሣሪያዎቹን ይከታተላል፣ በሬዲዮም ይነጋገራል፤ ረዳቱ የሚያበርበት ጊዜም ብዙ ነው። ኃላፊነቱ ደግሞ ካፒቴኑ ቢተኛም የእሱ ነው። ሆኖም በሌለበት ሰዓት ወዲያው የሚወስን ሰው በግልጽ መሰየም አለበት። ካፒቴኑ ከመውጣቱ በፊት ማን እንደሚተካው፣ ማን እንደሚያበር፣ ከፊት ያለው አየር ምን እንደሚመስል፣ በምን ምክንያት እንደሚቀሰቅሱት ይናገራል።

ይህ በደንብ ሳይደረግ ሲቀር የሆነውን እናውቃለን። እ.ኤ.አ. ጁን 1 ቀን 2009 የኤር ፍራንስ 447 በረራ 228 ሰዎች ይዞ ከሪዮ ዴ ጄኔሮ ወደ ፓሪስ ይበር ነበር። ካፒቴኑ ሊያርፍ ሲወጣ በቀኝ ያለው ረዳት ማብረሩን ቀጠለ፤ ከዕረፍት የተመለሰው ሁለተኛው ረዳት በግራ ተቀመጠ። በልምድ የሚበልጠው በግራ ያለው ነበር፤ ካፒቴኑን እንዲተካ የታሰበው ግን በቀኝ ያለው ነው። በ2012 የወጣው የፈረንሳይ መርማሪዎች ዘገባ ይህ ሹመት በግልጽ እንዳልተነገረ፣ ካፒቴኑም ግልጽ መመሪያ ሳይተው እንደወጣ ይናገራል። ብዙም ሳይቆይ የፍጥነት መለኪያዎቹን በረዶ ዘጋቸው፤ አውቶፓይለቱም ተቋረጠ። በቀኝ ያለው አፍንጫውን ወደ ላይ አነሣ። በግራ ያለውም አንዳንዴ የራሱን መሪ ይነካ ነበር፤ በኤርባስ ደግሞ አንዱ እጅ የሚያደርገውን ሌላው እጅ አይሰማውም። ካፒቴኑ ተጠርቶ ቢመጣም፣ አውቶፓይለቱ በተቋረጠ በአምስት ደቂቃ ውስጥ አውሮፕላኑ ባሕር ውስጥ ገባ። ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም፤ የሥልጠና ጉድለትም ነበረበት።

አሁን ወደ አሽዶድ። እናት ለማታ ሚሽመሬት ስትወጣ “ቤቱን ጠብቁ” ትላለች። “ጠብቁ” የብዙ ሰው ትእዛዝ ነው፤ ማንን እንደያዘ ግን አይታወቅም። ከኩፓት ሆሊም ሲደወል ወይ ሁለት ልጆች በአንድ ጊዜ ይመልሳሉ፣ ወይ አንዱም አይመልስም። አያታችን በግራው ወንበር አሉ፤ እናከብራቸዋለን፣ ግን ዕብራይስጡን አያነቡም። እሳቸውን አልፎ ለመወሰን ደግሞ ሁሉም ያፍራል።

ልጅን ወላጅ አድርጉ ማለታችን አይደለም፤ ያ ሸክም ምን ያህል እንደሚከብድ ለወላጆቹ ደብዳቤ ሲያነብ ያደገ ያውቀዋል። እናት ሥራ ላይ ብትሆንም ካፒቴኗ እሷ ናት። በጥናት ቡድናችን እንዲህ ብለን ሞከርነው፦ “አንተ ስልኩን ያዝ። አንቺ ከሕፃኑ ጋር ሁኚ። እማማ፣ የመጨረሻው ቃል የእርስዎ ነው። ትኩሳቱ ከጨመረ ሥራ ላይ ናት ሳትሉ ደውሉልኝ።” ከዚያ በሩ ላይ ቆማ መልሱን ትጠብቃለች፦ “ይዣለሁ።”