ድብድብ ለምትቀርጸው ልጄ

ልጄ፣ ካራቴውንም ቴኳንዶውንም ከእኔ በላይ ታውቀዋለህ፤ አብሽር፣ እዚያ ውስጥ አልገባብህም። የምመክርህ በካሜራው በኩል ስላለው ነገር ነው።

1. ቡጢው ሰው አይንካ። ድብድቡን ከጎን ከቀረጽከው በእጁና በጉንጩ መካከል ያለው ክፍተት ቁልጭ ብሎ ይታያል። ካሜራውን ከመቺው ትከሻ ኋላ አቁመው፤ ያኔ ስንዝር ቢርቅም ያገኘው ይመስላል።

2. ከመቺው ይልቅ ተመቺውን አለማምድ። ጎበዝ መቺ ሞልቷል፤ አንገቱን በሰዓቱ ወርወር አድርጎ የሚወድቅ ግን ጥቂት ነው። ድምፁን ኋላ ትጨምረዋለህ።

3. እውነተኛ ዱላ አታስይዝ። ወሎዬ ዱላ ከጨበጠ ፊልም መሆኑን ይረሳል። በ1973 እ.ኤ.አ. በወጣው «ኢንተር ዘ ድራገን» ላይ ተራ ተደባዳቢ ሆኖ የገባው ጃኪ ቻን፣ የብሩስ ሊ ዱላ ፊቱን እንዳገኘው ራሱ ያወራል። የእነሱ እጅ ከሳተ የአንተ ልጆችማ! ቀላል የፕላስቲክ ቱቦ ላይ ስፖንጅ ጠቅልልበትና ቡናማ ቀለም ቀባው።

4. ደሴ የጀመርከውን ድብድብ ኮምቦልቻ አትጨርስ። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር፣ ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው። ደሴ ላይ ጭጋግ ከጦሳ ተራራ ወርዶበት ቡጢ የሰነዘረ ሰው፣ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ ላይ በጠራራ ፀሐይ ሲወድቅ ተመልካች ይስቃል። ደሴ ላይ ደግሞ ትንፋሽ ቶሎ ያጥራል፤ ከባዱን ርግጫ ጠዋት፣ ጉልበት ሳለ ቅረጸው።

5. ቤት ውስጥ በመብራት ስትቀርጽ ሹተሩን 1/50 አድርገው። የእኛ አገር መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ ምስሉ አይርገበገብብህም።

6. መሣሪያ የሚመስል ነገር መንገድ ላይ አታውጣ። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር የሰሜኑ ጦርነት ደሴንም ኮምቦልቻንም ረግጧቸዋል። ለአንተ መጫወቻ የሆነው እናቶችን ከገበያ ሊያስሮጥ ይችላል። ፖሊስና ቀበሌ ቢፈቅዱልህም ይቅርብህ፤ ድብድብህ በእጅና በእግር ይበቃዋል።

7. ገላጋይ እንደሚመጣ አስብ። ይህን ሁሉም ይረሳዋል። ደሴ ፒያሳ ላይ ሁለት ልጅ ሲያያዝ ቆሞ የሚያይ አገር አይደለም ያለህ፤ አንዱ ወገብ ይዞ ይጎትታል፣ አንዷ «ኧረ በአላህ!» ትላለች፣ ሌላው «ስለ ማርያም!» ብሎ መሀል ይገባል። የተቀረጸው ሁሉ ይበላሻል፤ ክፋቱ ደግሞ በእነሱ መቆጣት አትችልም። ስለዚህ ሰፈሩ የሚያከብራቸውን አንድ ሽማግሌ ቀድመህ ለምነህ ከካሜራው ጎን አስቀምጥ። «ፊልም ነው፣ ተዉአቸው» ብለህ አንተ ብትጮህ ማንም አይሰማህም፤ እሳቸው ካሉ ግን ሰዉ ይመለሳል።