«ሳለ» ስንት ቃል ነው?

ጥያቄ፦ ጉንፋን የያዘው ይስላል፣ ሠዓሊ ይሥላል፣ ካራ የሚሞርድ ይስላል፣ ምእመን ስእለት ይሳላል። የሁሉም ሥር አንድ ነው?

መልስ፦ አይደለም፤ አራት ሥሮች ናቸው። ግእዝ ላይ መሣል ሠዐለ፣ መለመን ሰአለ፣ ማሳል ሰዐለ፣ ስለት ማውጣት ሰሐለ ነበር። አማርኛ የጉሮሮ ድምፆችን ሲጥል፣ ሠና ሰም በአነጋገር አንድ ሲሆኑ፣ አራቱ «ሳለ» ላይ ተገናኙ። በልዐ «በላ»፣ ሰምዐ «ሰማ» የሆኑት በዚሁ መንገድ ነው፤ ስለዚህ ለውጡ የአንድ ቃል አጋጣሚ ሳይሆን የቋንቋው ሕግ ነው።

ስእለት በቅዱሳን ሥዕል ፊት ስለሚደረግ ሁለቱን ቃላት የሚያዛምዱ አሉ። ሐሳቡ ያምራል፤ ግን የልማድ ቅርበት የሥር ዝምድናን አያረጋግጥም። ከበድ ያለው ተቃውሞ ሌላ ነው፦ የብራና ጸሐፊዎች ሠንና ሰን፣ አንና ዐን ስለሚያቀያይሩ ፊደል ምስክር አይሆንም ይባላል። ብቻውን በእርግጥ አይበቃም። ምስክሩን የሚያጸኑት እኅት ቋንቋዎች ናቸው። ዓረብኛ ዛሬም ጥያቄን በአልፍ «ሱኣል»፣ ሳልን በዐይን «ሱዓል» ብሎ በአነጋገር ይለያል። የዕብራይስጡ ሻአልም «ጠየቀ፣ ለመነ» ማለት ነው፤ የንጉሥ ሳኦል ስም «የተለመነ» የሚል ትርጉም ያለው ከዚህ ነው። ግእዝ ላይ የምናየው ልዩነት ባሕር ማዶም ከተገኘ የጸሐፊ ስሕተት ሊባል አይችልም።

«ሳለ» ግሥ ብቻም አይደለም፤ «ልጅ ሳለሁ» ውስጥ ያለው «ስ» እና «አለ» ተጣምረው የወጣ ነው። እንግዲህ ሲጽፉ ሥዕልን በሠና በዐ፣ ስእለትን በሰና በአ ይለዩ።