አንገት ተጎድቶ ራስ ሲያም፦ ከስዊድናዊቷ አጥቂ ሎታ ሼሊን የእግር ኳስ ሕይወት የምንማረው

 

የዛሬውን ትምህርት ከእግር ኳስ ሜዳ እንጀምራለን። ስዊድን ሲባል ብዙዎቻችሁ ቶሎ ትዝ የሚላችሁ ዝላታን ኢብራሂሞቪች ነው። ዝላታን ለብሔራዊ ቡድኑ 62 ጎል አስቆጥሯል። በሴቶቹ ቡድን ግን 88 ጎል ያስቆጠረች አጥቂ አለች፤ ሎታ ሼሊን ትባላለች።

ይህቺን ተጫዋች ከሜዳ ያስወጣት የእግር ስብራት ወይም የጉልበት ጅማት መበጠስ አይደለም። ያስቆማት የአንገት ጉዳትና ከዚያ በኋላ አልለቅ ያላት ራስ ምታት ነው። በጀሶ አይታሰርም፣ ክራንች አያስይዝም፣ ከውጭ ለሚያይ ሰው «ምን ሆነች?» የሚያስብል ጉዳት ነው። ዛሬ ስለሱ እናወራለን። ትንሽ ረዘም ይላል፤ ኳስ የሚጫወት ልጅ፣ እህት ወይም ወንድም ካላችሁ ግን እስከ መጨረሻው አንብቡት።

🔹 ሎታ ሼሊን ማን ናት?

እ.ኤ.አ. በ1984 ስቶክሆልም ተወለደች፤ ያደገችው ግን በጎተንበርግ አቅራቢያ ባለችው ኮለሬድ ነው። ታላቅ እህቷ ካሚላም ተጫዋች ነበረች፤ ሁለቱ በጎተንበርግ ክለብ አብረው ተጫውተዋል። በ2004 የብሔራዊ ቡድኑን ማሊያ ለበሰች። በ2007 በስዊድን ሊግ 26 ጎል አግብታ ኮከብ ጎል አግቢ ሆነች።

በ2008 ወደ ፈረንሳዩ ሊዮን ተዛወረች፤ እዚያም ስምንት ዓመት ቆየች። በእነዚህ ስምንት ዓመታት ሊዮን ስምንቱንም የፈረንሳይ ሊግ ዋንጫዎች ወሰደ። በ2011፣ በ2012 እና በ2016 ደግሞ የአውሮፓ ሻምፒዮንስ ሊግን አሸነፈ። እሷም ለክለቡ ከ200 በላይ ጎሎችን አስቆጠረች። ረጅም፣ ፈጣን፣ እርምጃዋ ሰፊ የሆነ አጥቂ ነበረች፤ ከተከላካይ ጀርባ ኳስ ከተጣለላት በቃ፣ የሚደርስባት አልነበረም።

በብሔራዊ ቡድን ደረጃም በ2011 የዓለም ዋንጫ ስዊድን ፈረንሳይን 2 ለ 1 አሸንፋ ሦስተኛ ስትወጣ አንዱን ጎል ያገባችው እሷ ናት። በ2013 አገሯ ባስተናገደችው የአውሮፓ ዋንጫ በ5 ጎል የኮከብ ጎል አግቢነቱን ሽልማት ወሰደች። በ2014 ሐና ዩንግበሪ ይዛው የነበረውን የ72 ጎል ክብረ ወሰን አለፈች። በ2016 ሪዮ ኦሎምፒክ ስዊድን አሜሪካንና ብራዚልን በመለያ ምት አሸንፋ ለፍጻሜ ስትደርስ ቡድኑ ውስጥ ነበረች። በማራካና ስታዲየም በጀርመን 2 ለ 1 ተሸንፈው ብር አገኙ። አራተኛ ኦሎምፒኳ ነበር።

🔹 ከዚያስ?

በዚያው ዓመት ክረምት ወደ አገሯ ተመልሳ ለሩሰንጎርድ ፈረመች። በ2017 ኔዘርላንድስ ባዘጋጀችው የአውሮፓ ዋንጫም ተጫውታለች። ነገር ግን በ2017 አንገቷ ላይ ጉዳት ደረሰባት፤ ራስ ምታትም ተከተለ። ሳምንታት ወራት ሆኑ። በመጨረሻ እ.ኤ.አ. ኦገስት 2018፣ በ34 ዓመቷ፣ በ185 ጨዋታ 88 ጎል እንዳላት ጫማዋን ሰቀለች።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። ይህ ሰው በዓለም ካሉት ጥሩ ክለቦች በአንዱ ያለፈ፣ ሐኪምና ፊዚዮቴራፒስት አጠገቡ ያለ ሰው ነው። እንዲያም ሆኖ ራስ ምታቱ አልሄደም። ታዲያ ሰፈር ሜዳ ላይ ተጋጭቶ «ምንም አልሆንኩም» ብሎ የሚነሳው ልጃችንስ?

ከዚህ በታች የምጽፈው የእሷን የሕክምና ፋይል ሳይሆን፣ እንዲህ ዓይነት ጉዳት በአጠቃላይ ምን እንደሆነና ምን እንደምናደርግ ነው።

🔹 አንገት ተጎድቶ ራስ ለምን ያማል?

ከአንገታችን የላይኛው ክፍል የሚወጡት የመጀመሪያዎቹ ሦስት ነርቮች ሕመምን ወደ አንጎል ግንድ ይወስዳሉ። ከፊት፣ ከግንባርና ከዓይን አካባቢ ሕመም የሚያመጣው ትልቁ የፊት ነርቭም እዚያው ቦታ ላይ ይደርሳል። ሁለት መስመር አንድ ማዞሪያ ላይ እንደሚገናኝ ስልክ አስቡት። አንጎል ጥሪው ከየትኛው መስመር እንደመጣ ይምታታበታል። ስለዚህ የተጎዳው የአንገት መገጣጠሚያ ወይም ጡንቻ ሆኖ ሰውየው የሚያመው ግን ግንባሩን ወይም ከዓይኑ ጀርባ ሊሆን ይችላል።

ይህ ዓይነቱ ራስ ምታት ብዙውን ጊዜ፦
👉 ከማጅራት ይጀምርና ወደ ፊት ይመጣል
👉 በአንድ በኩል ይበረታል
👉 አንገት ሲዞር ወይም ለረጅም ሰዓት በአንድ አቀማመጥ ሲቆይ ይብሳል
👉 አንገትን እንደልብ ማዞር ያስቸግራል

ኳስ ተጫዋች ብቻ አይደለም የሚጠቃው። መኪናው ከኋላ ተገጭቶ አንገቱ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የተወረወረ ሰውም ይህንኑ ሊያይ ይችላል።

🔹 የአንጎል መናወጥ (ኮንከሽን) ምንድን ነው?

ራስ ሲመታ፣ ወይም ሰውነት በኃይል ተመትቶ ጭንቅላት ሲናወጥ፣ አንጎል ውስጥ የሚፈጠር የአሠራር መዛባት ነው። ኳስ ሜዳ ላይ በብዛት የሚያመጣው ኳሱን በቴስታ መምታት ሳይሆን፣ ለቴስታ ሲዘሉ ጭንቅላት ለጭንቅላት ወይም ጭንቅላት ከክርን ጋር መጋጨት ነው። ያው ግጭት አንገትንም አንድ ላይ ሊጎዳ ይችላል፤ ስለዚህ ሐኪም አንዱን ሲመረምር ሌላውንም ማየት አለበት።

ሦስት ነገር ልብ በሉ፦

1. ራስን መሳት ግዴታ አይደለም። አብዛኞቹ የአንጎል መናወጥ የደረሰባቸው ሰዎች ራሳቸውን አይስቱም።

2. ሲቲ ስካን ብዙ ጊዜ ምንም አያሳይም። «ዶክተር፣ ስካኑ ምንም የለም ተባልኩ፤ ታዲያ ለምን ያመኛል?» የሚለውን ጥያቄ ደጋግመን እንሰማለን። ስካኑ የሚፈልገው ደም መፍሰስና ስብራት ነው። «ምንም የለም» ማለት ደም አልፈሰሰም፣ አጥንት አልተሰበረም ማለት ነው፤ አላመመህም ማለት አይደለም።

3. ምልክቱ ራስ ምታት ብቻ አይደለም። ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ ብርሃንና ድምፅ መጥላት፣ ነገር መርሳት፣ ትኩረት ማጣት፣ እንቅልፍ መዛባት፣ በትንሽ በትልቁ መናደድ ወይም ማልቀስ ሊኖር ይችላል። ልጃችሁ ከተጋጨ በኋላ «ጠባዩ ተቀየረ» ካላችሁ፣ ጥጋብ ነው ብላችሁ አትለፉት።

🔹 ሳይውል ሳያድር ድንገተኛ ክፍል የሚያስኬዱ ምልክቶች

ራስ ወይም አንገት ከተመታ በኋላ፦
🚨 እየባሰ የሚሄድ ራስ ምታት
🚨 ተደጋጋሚ ማስመለስ
🚨 ራስን መሳት ወይም የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥ
🚨 ግራ መጋባት፣ ሰው አለመለየት፣ ሲቀሰቅሱት አልነቃ ማለት
🚨 እጅ ወይም እግር መድከም፣ መደንዘዝ፣ መውረር
🚨 የአንዱ ዓይን ብሌን ከሌላው መስፋት፣ ነገር ሁለት ሆኖ መታየት
🚨 ከጆሮ ወይም ከአፍንጫ ንጹሕ ፈሳሽ ወይም ደም መውጣት
🚨 ኃይለኛ የአንገት ሕመም

አንገቱን በጣም ካመመው ወይም እጅ እግሩ ከደነዘዘ አታንሱት፣ አታስቀምጡት። ጭንቅላቱንና አንገቱን ባለበት ሳታንቀሳቅሱ ይዛችሁ እርዳታ ጥሩ። በችኮላ አፈፍ አድርጎ ማንሳት ህብለ ሰረሰርን ሊጎዳ ይችላል።

🔹 ማድረግ ያለብን

✅ ወዲያውኑ ከጨዋታ ማውጣት። «ደህና ነኝ፣ አስገቡኝ» ቢልም በዚያ ቀን አይመለስም። አንጎል ከመጀመሪያው ሳያገግም ሁለተኛ ከተመታ ሕመሙ ይረዝማል፤ አልፎ አልፎም ለሕይወት የሚያሰጋ የአንጎል እብጠት ሊያስከትል ይችላል።

✅ ለአንድ ሁለት ቀን ቀለል ያለ እረፍት። ጨለማ ክፍል ዘግቶ ሳምንት መተኛት ማለት አይደለም። ቤት ውስጥ መንቀሳቀስ፣ ቀስ ብሎ መራመድ ይቻላል፤ እንዲያውም ይረዳል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ስልክና ቴሌቪዥን ቀነስ አድርጉ። (አዎ፣ ይቺን ገጽም ጭምር! 😊)

✅ ሐኪም ካየው በኋላ ይተኛ። «እንዳይተኛ ያዙት» የሚባለው የድሮ ምክር ነው፤ እንቅልፍ ይጠቅመዋል። ብቻውን ግን አይደር።

✅ ለሕመሙ በመጀመሪያው ቀን ፓራሲታሞል ይሻላል። አስፕሪንና አይቡፕሮፌን ደም መፍሰስን ሊያባብሱ ስለሚችሉ ያለ ሐኪም አትስጡ።

✅ አራት ሳምንት አልፎት ሕመሙ ካለ ተመልሶ መታየት። የአንገት ፊዚዮቴራፒ፣ የሚዛን ልምምድ፣ አስፈላጊም ከሆነ ለራስ ምታቱ የሚሰጥ መድኃኒት አለ። «ከዚህ በኋላ ይዤው እኖራለሁ» ብላችሁ አትቀመጡ።

🔹 ማድረግ የሌለብን

❌ አዲስ የተጎዳ አንገትን ወጌሻ ጋ ወስዶ ማሳሸት ወይም «ቀጭ» ማስደረግ። ስብራት ካለ ህብለ ሰረሰር ሊጎዳ ይችላል፤ የአንገት ደም ሥርም ሊቀደድ ይችላል።

❌ በየቀኑ ማስታገሻ መዋጥ። በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ ለወራት ፓራሲታሞል ወይም አይቡፕሮፌን የሚወስድ ሰው፣ መድኃኒቱ ራሱ ራስ ምታት ያመጣበታል።

❌ ራሱ ላይ ውሃ ደፍቶ ወደ ሜዳ መመለስ። ውሃው ያነቃዋል እንጂ አንጎሉን አያክመውም።

🔹 ወደ ሜዳ መመለስ የሚቻለው መቼ ነው?

በደረጃ ነው፤ እያንዳንዱ ደረጃ ቢያንስ አንድ ቀን ይፈልጋል፦
1) የዕለት ተዕለት ሥራና ትምህርት
2) ቀላል እንቅስቃሴ (እርምጃ፣ የማይንቀሳቀስ ብስክሌት)
3) ብቻን ሩጫ፣ አቅጣጫ መቀየር
4) ከቡድን ጋር ንክኪ የሌለው ልምምድ
5) ሐኪም ከፈቀደ በኋላ ሙሉ ልምምድ
6) ጨዋታ

አንዱ ደረጃ ላይ ሕመሙ ከተቀሰቀሰ ያርፋል፣ ወደ ኋላ አንድ ደረጃ ይመለሳል። ስለዚህ «ቅዳሜ ተመታሁ፣ ማክሰኞ ግጥሚያ አለብኝ» አይሠራም።

🔹 ሴት ልጅ ያላችሁ ወላጆችና አሠልጣኞች

ጥናቶች በእግር ኳስ የአንጎል መናወጥ በሴቶች ላይ ከወንዶች በበለጠ እንደሚመዘገብ ያሳያሉ። ከሚጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ የአንገት ጡንቻ ጥንካሬ ልዩነት ነው፤ ደካማ አንገት ጭንቅላትን ከመናወጥ አጥብቆ አይይዝም። ሴቶች ሕመማቸውን ከወንዶች ይልቅ በግልጽ መናገራቸውም አንዱ ሊሆን ይችላል።

ይህ ማለት ሴት ልጅ ኳስ አትጫወት ማለት አይደለም! መልሱ የአንገት ማጠንከሪያ ልምምድ፣ ትክክለኛ የቴስታ አመታት ማስተማር፣ ትንንሽ ልጆችን ደግሞ በቴስታ አለማስመታት ነው። አሜሪካ ውስጥ ዕድሜያቸው 10 እና ከዚያ በታች ለሆኑ ልጆች ቴስታ ተከልክሏል፤ እንግሊዝም ከ2020 ጀምሮ የአንደኛ ደረጃ ልጆችን በልምምድ ላይ ቴስታ ማስመታት አቁማለች። የእግር ኳስ ሕግ አውጪው አካልም ራሱን ለተመታ ተጫዋች ተጨማሪ ቅያሪ መፍቀድ ጀምሯል፤ «ቅያሪ ጨርሰናል፣ ቻለው» የሚለው ሰበብ እንዲቀር።

🔹 ወደ ሼሊን እንመለስ

እግሩ በጀሶ የታሰረን ሰው ማንም «ተነስና ሩጥ» አይለውም። ራሱን ያመመውን ግን «ሰነፍክ፣ አስመሰልክ» እንለዋለን። ቤት ውስጥ፣ መሥሪያ ቤት፣ ልምምድ ላይ እንዲህ የተባለ ሰው ሕመሙን መደበቅ ይማራል። ሕመሙን ደብቆ ይገባል፤ ደግሞ ይመታል።

ሎታ ሼሊን 88 ጎል ያላት ሆና «ሰነፍ ናት» የሚላት ማንም የለም። አንድ ዓመት ገደማ ጠበቀች፣ ሰውነቷን አዳመጠች፣ ከዚያም ቆመች። ከፊቷ ገና ረጅም ዕድሜ ነበራት፤ ያንን የምትኖረው ደግሞ በዚያው ራስና በዚያው አንገት ነው። አብዛኞቻችን እንደ እሷ ማቆም አይጠበቅብንም፤ በጊዜ ያረፈና የታከመ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ይድናል። ዛሬ ማታ ልጃችሁ ከሜዳ ሲመለስ «ስንት ለስንት ወጣችሁ?» ብላችሁ ስትጨርሱ አንድ ጥያቄ ጨምሩ፦ «ራስህን የተመታህበት ነገር አለ?» ሲመልስም አትቆጡት፤ ከተቆጣችሁ በሚቀጥለው አይነግራችሁም።

ይህ ጽሑፍ ለግንዛቤ ነው፤ ሐኪም ጋ ቀርቦ መመርመርን አይተካም። ጥያቄ ያላችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፤ በተቻለኝ እመልሳለሁ። ለሰፈር ቡድን አሠልጣኞችና ለወላጆች ሼር አድርጉላቸው።

ጤናችሁ ይብዛ! 🙏