የብሪኑ ጥድ ታሟል ወይ?

ጥያቄ፦ የምኖረው ኦስሎ፣ ብሪን ነው። ወደ ኤስትማርካ ጫካ ስወጣ የጥዶቹን ግንድና ቅርንጫፍ ግራጫ ነገር ወርሶት አያለሁ፤ አንዳንዱ ደግሞ እንደ ጥቁር ጸጉር ይንጠለጠላል። ዛፎቹ ታመው ይሆን?

መልስ፦ አልታመሙም። ያዩት ሊከን ይባላል፤ ፈንገስና አልጌ አንድ ላይ የሚኖሩበት ነው። ፈንገሱ መጠለያ ይሆናል፣ አልጌው ከብርሃን ምግብ ያዘጋጃል። ዛፉን አይመጠምጥም፤ ግንዱ መቀመጫው ብቻ ነው። ውሃና ማዕድን የሚያገኘው ከዝናብ፣ ከጉምና ከአየር ነው። በደረቀ ቅርንጫፍ ላይ የሚበዛውም ቅርንጫፉን ስለገደለው ሳይሆን፣ ቅጠሉ ሲረግፍ ብርሃን ስለሚያገኝ ነው።

ድርቅን መቻሉ ይገርማል። በእጅ ሲነኩት በሚፈረፈረው ቁራጭ ላይ ውሃ ጠብ ያድርጉ፤ በደቂቃዎች ውስጥ ይለሰልሳል፣ ወደ አረንጓዴም ይጠጋል። ደርቆ አቁሞት የነበረውን ሥራ ቀጠለ ማለት ነው።

ከአየር ስለሚመገብ ግን ጭስ ይጎዳዋል። ፊንላንዳዊው የሊከን ተመራማሪ ዊልያም ኒላንደር እ.ኤ.አ. በ1866 በፓሪስ ሉክሰምበርግ መናፈሻ ይህን አስተውሎ ጽፏል። በተለይ ጸጉር መሳዩ ቆሻሻ አየር አይወድም፤ ስለዚህ እሱን ማየትዎ ደግ ምልክት ነው። አገር ቤትም በባሌ ተራሮች አስታ ዛፎች ላይ ዘመዱን ያገኙታል፤ እዚያ ጉሙ ስለሚበዛ ጢሙ ይረዝማል።

ወደ መሃል ኖርዌይ ደረቅ የጥድ ጫካዎች ከዘለቁ ደማቅ ቢጫ የሆነ ሊከን ሊያጋጥምዎ ይችላል። መርዛማ ነው፤ ድሮ ለተኩላና ለቀበሮ መግደያ ይውል ነበር። ይዩት እንጂ አይልቀሙት።